ስለ ወፍጮው ተማሪና ወደ ኮሌጅ ስለሚሄዱ ልጆቻችን

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በጉባኤ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ቀሳውስት፥ ወንድሞቼ ዲያቆናትና መዘምራን፥ የሰበካው ሽማግሌዎች፥ እናቶቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህች ደብር ከተተከለች 50 ዓመት ስለ ሞላት እግዚአብሔርን ለማመስገን በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። ምንም እንኳ ለዚህ የሚበቃ አንደበት ባይኖረኝ የአባቶችን ትእዛዝ መፈጸም ይገባልና ተነሥቻለሁ። ስለ ደብሩ አተካከልና ስላገለገሉት ካህናት ከእኔ በፊት የተናገሩት አባት በሚገባ ስላስረዱ ያን አልደግመውም። የእኔ ነገር ከዚህች ደብር ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄዱት ልጆቻችን፥ ከእነርሱም መካከል አእምሯቸው ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ ስለሚሠራው ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራው ሕግ 50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት የሚነፋበት፥ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነው። እንግዲህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሰው ድግሱን ካሰናዳ በኋላ፥ ከመካከላችን ማን ጎደለ? ማንስ ከወገኑ ተለየ? ብሎ መቁጠር አለበት። እኔም በዚህ ዓመት ብቆጥር፥ ከዚህች ደብር ለከፍተኛ ትምህርት ወጥተው ሳይፈጽሙ የተመለሱ፥ በራቸውንም ዘግተው የተቀመጡ ልጆች አገኘሁ። ሁሉም በአንድ ምክንያት የተመለሱ አይደሉም። አንዱ በገንዘብ ማጣት ነው፤ ሌላው በሕመም ነው፤ አንዱም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ በደረሰ ጊዜ ካየው ነገር የተነሣ ልቡ ደንግጦ ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ቁስል ስለ ሆነ ሌላ ቀን ይነገርበታል። ጥቂቶቹ ግን ዕውቀት ሳያንሳቸው፥ ምግባርም ሳይጎድላቸው፥ የጠባያቸውን ነገር የሚረዳላቸው ሰው በማጣት ብቻ የተመለሱ ናቸው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ነው።

ነገሩ ከፈረንጅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ ከዚሁ ከሐይቁ ልጀምር። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው በ13ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በመጡ ጊዜ ቦታውን የጸሎትም የትምህርትም ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ተምረዋል። ለገዳሙ የሰጡት፥ በ1280 ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ወንጌልም እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሕዝበ ጽዮን የሚባል ካህን ልጁን ጊዮርጊስን ተማሪ እንዲሆን ወደዚሁ ገዳም ሰደደው። ይህ ልጅ ኋላ በዚሁ በወሎ ምድር በቦረና በኩል ባለችው በጋሥጫ ስም የተጠሩት አባ ጊዮርጊስ ናቸው።

አበው እንደሚተርኩልን ለልጁ ትምህርት አልሆነለትም። መምህሩ ቢያስጠኑት አይያዝለትም፤ ቢያስቀጽሉትም አይወጣለትም። ስለዚህ ገዳሙ፥ ልጅህ ትምህርት አይገባውምና ውሰደው ብሎ ወደ አባቱ ላከ። አባቱ ግን፥ አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፤ ባይማር ገዳሙን ያገልግል ብሎ መለሰ። ከዚያም ልጁ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ 7 ዓመት ተቀመጠ። በወፍጮው ሥራና በእመቤታችን ሥዕል ፊት በሚያፈሰው ዕንባ መካከል ከቈየ በኋላ ጽዋዐ ልቡናን ጠጣ፤ ምሥጢርም ተገለጠለት። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት፥ ዛሬም በሌሊት የምንቆምበትን ሰዓታት ያዘጋጁልን እርሳቸው ናቸው።

ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በበዓላቸውም እንሰብከዋለን። ነገር ግን ስንሰብከው ወደ ጽዋው እንቸኩላለን፤ በወፍጮው ዘንድ ግን አንቈይም። እኔ ደግሞ ዛሬ የምጠይቀው ስለ ሰባቱ ዓመት ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ይህ ልጅ አባ ጊዮርጊስ እንደሚሆን ከመነኮሳቱ አንድ ስንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እነርሱ የሚያውቁት ፊደል የማይገባውን አንድ ወፍጮ ፈጪ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ከማኅበሩ እንጀራ ተካፈለ፤ ከማኅበሩ ጋር ጸለየ፤ ሥዕሏ ካለችበት ቤትም አልተከለከለም። ጸጋውን የሰጠችው እመቤታችን ናት፤ ጸጋው እስኪመጣ የሚቈይበትን ቦታ የሰጠው ግን ገዳሙ ነው። ገዳሙ ልጁን በግድ ሰድዶት ቢሆን ኖሮ፥ ምሥጢሩ የት ይገኝ ነበር?

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ይህን ይመስላል። በአክሱም በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባ ቢለው፥ ቢገረፍም ጊዜ ኮብልሎ በዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንድ ትል 6 ጊዜ ወድቆ በ7ኛው ከዛፉ ላይ ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። ከሁለቱ ታሪኮች ግን ለእኛ ለዛሬው ጉባኤ የሚጠቅመው የአባ ጊዮርጊስ ነው እላለሁ። ያሬድ ከትሉ ተምሮ በራሱ እግር ተመልሷል፤ ልጅ ሁሉ ግን እንደዚህ ያለ ትል አያገኝም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። የዛሬ ሊቃውንት የሰውን አእምሮ መርምረው፥ ከመወለዱ ጀምሮ አሠራሩ ልዩ የሆነ ሰው እንዳለ አስረድተዋል። አንዱ ኦቲዝም የሚባለው ነው፤ ይህን በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሆኖ ጽፎ አሳወቀ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 በዚያው አቆጣጠር በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። ሁለተኛው ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ አጽንቶ ለማቆየት የሚቸገር፥ የሚጣደፍ፥ የሚረሳ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጆሮው የሰማውን ፈጥኖ የሚይዝ፥ የተጻፈውን ግን በብዙ ድካም የሚያነብ ነው፤ ይህንም ዲስሌክሲያ ይሉታል። ይህ ሁሉ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከእናት አስተዳደግ ጉድለትም የመጣ አይደለም። በአገራችን ግን እንዲህ ያለውን ልጅ ጅል፥ ነካ ያደረገው፥ ዓይነ ጥላ ያለበት እያልን እንጠራዋለን፤ እናቱም በሐሜት ትከሳለች።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ደፍረው በአደባባይ ከተናገሩት ቀዳሚዋ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ስለ ሆነ፥ ልጄን አልሸሽግም ብለው በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒያ ፋውንዴሽንን፥ ከእርሱም ጋር ጆይ የተባለውን የልጆች ማእከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እኔን ፊደል አስቈጣሪውን ደስ ያሰኘኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ልጆቹን ንግግር ለማስተማር የተጠቀሙበት መንገድ የፊደላችንን የድምፅ ሥርዓት የተከተለ ነው፤ ስሙንም አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብለውታል።

ስለ ጠበል የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጠበልን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ ብለው በግልጥ እንደ ተናገሩ አስታውሱ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ ሁሉ ጋኔን ያደረበት አይደለም፤ ጆሮው ከእኛ ጆሮ ይልቅ የሚሰማ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ልጅን አስሮ መጥመቅ ከአባቶች ሥርዓት የተገኘ አይደለም።

የቅኔ ሰው ስለ ሆንሁ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን የሰምና ወርቅ አገር ናት። ከቅኔ ቤት ውጭ እንኳ በገበያውም በሰርጉም የምንናገረው አንዱን ብለን ሌላውን ለማለት ነው። በማዕድ ሳለን አላፊውን እንብላ እንላለን፤ እርሱም ይብዛላችሁ ብሎ ያልፋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን እንብላ ሲሉት እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። መምህሩ በቍጣ፥ ከፈለግህ ውጣ! ቢለው፥ መውጣት ይፈልግ እንደ ሆነ ጥቂት አስቦ ይወጣል። ሰው ስቆ ወይም ተቈጥቶ ይቀራል እንጂ፥ ልጁ ሰሙን ብቻ እንደ ተቀበለ፥ ወርቁን ግን ማንም እንዳልገለጠለት አያስተውልም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ወርቁን ገልጦ መንገር ነው፤ በዚህ ቅኔ አይፈርስም።

አሁን ስለ አንድ ልጅ እነግራችኋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ መንደሩም በሐይቅ በኩል ይሁን በአምባሰል በኩል አልገልጥም። የተማረበትንም ዩኒቨርሲቲ አልጠራም፤ ቢሆንም ነገሩ በአንድ ቦታ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ይህ ልጅ ዳዊት በ9 ዓመቱ ደገመ። ባሕረ ሐሳብ ከነገርሁት ወዲህ ደግሞ ወንበሩን፥ አበቅቴውንና መጥቅዑን በቃሉ አስልቶ፥ የነነዌ ጾም በዚህ ዓመት በዚህ ቀን ይገባል፥ ትንሣኤም በዚህ ቀን ይውላል እያለ ገና ያልመጡትን ዓመታት ይቈጥርልኛል። እኔ በወረቀት አረጋግጬ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። በጥምቀት ቀን ግን ከሕዝቡ መካከል ሊቆም አይችልም፤ ከቅጥሩ ጥግ ይቆማል። የሰው ዓይን አያይም። ሰላምታም ካልሰጡት አይሰጥም።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና በመልካም ውጤት አልፎ ሄደ። በዚያም መኝታው ከብዙ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ሆነ፤ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም፤ ሙዚቃውም አይቆምም። ከምግብ አዳራሹ የሳሕኑ ድምፅና የሰልፉ ግፊያ ስለ ከበደው ከበሶ በቀር ሳይበላ የሚውልበት ቀን በዛ። ሰላምታ ስለማይሰጥ ትዕቢተኛ ተባለ። መምህሩ በቡድን ሥሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ማንም ወደ ቡድኑ አልጠራውም፤ እርሱም አስገቡኝ ማለት እንደሚገባ አላወቀም። በፈተናው ቀን የፈተናው ክፍል ተለውጦ ሳለ፥ ለውጡ የተለጠፈበትን ወረቀት ስላላየ በቀድሞው ክፍል ደጅ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ቆመ። አንድ የቃሉ ወረዳ ልጅ፥ እስላም ነው፥ አልጋው ከእርሱ አልጋ በላይ የሆነ፥ ይህን አይቶ ማታ ማታ ከመስጊድ ሲመለስ ዳቦ ያመጣለት ነበር። ያ ልጅ ወደ ሌላ ሕንፃ በተዛወረ ጊዜ ግን የእኛ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ለገና ጾም መጣ፤ አልተመለሰም። ልብ በሉ፤ በሂሳቡ ክፍሉን የሚበልጥ ነበረ።

እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። የአብነት ትምህርት ቤት መልካምም ክፉም አለበት። አለንጋው ብዙ ልጅ አስኮብልሏል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በዚያ ቤት ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አብሮ አይለካም። ግዕዝ ንባብ ያልጨረሰ ወደ ውርድ ንባብ አይሄድም፤ የጨረሰም ባልንጀራውን አይጠብቅም። በቅኔም እንዲሁ ነው፤ ጉባኤ ቃና ላይ ዓመት የቈየ አለ፤ በሁለት ወር ወደ ዘአምላኪየ የተሻገረ አለ፤ ሁለቱም በአንድ ጎጆ ያድራሉ። ተማሪው ቅኔውን የሚቈጥረው ብቻውን ወደ ዱር ወጥቶ ነው፤ ብቸኝነት በዚያ እንደ ነውር አይቈጠርበትም። ማንበብ የማይችል ዓይነ ስውር እንኳ በጆሮው ተምሮ ለመምህርነት ይበቃል፤ እንዲህ ያሉ መምህራን በአገራችን ብዙ ናቸው። ለአዲስ ተማሪም በትምህርት የቀደመው ተማሪ ይሰጠዋል፤ የልመናውን መንገድ፥ የውሻውን ቤት፥ የመምህሩን ጠባይ እርሱ ያሳየዋል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሁሉ ከእኛ ሊወስድ ይችል ነበር፤ አልወሰደም። እኛም አልሰጠነውም።

በሕግ በኩል መንገዱ ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 650 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ እንደ ተቋሙ አቅም ሌላ የፈተና መንገድ እንዲዘጋጅለት፥ የፈተናም ሰዓት እንዲራዘምለት ደንግጎ ነበር፤ ይህም አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በቍጥር 1152 ተተክቷል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የዓለም ስምምነት በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አጽድቃለች። ችግሩ፥ አካል ጉዳተኛ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በምርኵዝ የሚሄደውን ነው። የዚህ ልጅ ችግር ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። እናቱ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ገብታ መናገር ትፈራለች። የእኛ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ልጆቻችን በቅርብ የሚሄዱባቸው በደሴና በኮምቦልቻ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፥ የደሴው መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የወይዘሮ ስሂን ኮሌጅ ናቸው፤ ሌሎቹ በምደባ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። በሩቁም በቅርቡም ግን በማኅበረ ቅዱሳን የሚመሩ የግቢ ጉባኤያት አሉ። ማኅበሩ በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ስንት ልጅ በእነዚህ ጉባኤያት ጸንቶ እንደ ወጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ለእኛ ልጅ ግን ጉባኤው ራሱ ደግሞ ድምፅ የበዛበት ነው፤ ተነሥተህ ራስህን አስተዋውቅ ይሉታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ከመሄዱ በፊት የንስሐ አባቱ ለግቢ ጉባኤው አገልጋዮች ደብዳቤ ይጻፉ እላለሁ። ደብዳቤው ልጁ ታሞአልና እዘኑለት የሚል አይሁን። ይህ ልጅ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል፤ ሥራ ስጡት፤ በብዙ ሰው ፊት አታስነሡት፤ የምትነግሩትንም በግልጥ ንገሩት የሚል ይሁን። መጻሕፍቱን ይደርድር፤ የበዓላቱን ቀን ይጻፍ፤ ከመርሐ ግብሩ በፊት መጥቶ ወንበሩን ያሰናዳ። ወፍጮው ለአባ ጊዮርጊስ ሳይናገሩ በማኅበር መካከል የሚቀመጡበት ቦታ እንደ ነበረ፥ ለዚህም ልጅ እንዲሁ ወፍጮ ይፈለግለት።

አንዳንድ ሰው፥ እንዲህ ያለ ልጅ ኮሌጅ ምን ያደርግለታል? ከቤቱ ቢቀመጥ አይሻለውምን? ይላል። ልጁ ራሱ ከቤት መቀመጥ ከወደደ አንድ ነገር ነው። እኔ የጠየቅሁት ልጅ ግን መማር እፈልጋለሁ ብሎኛል፤ እርሱ ሲናገር ደግሞ ሰምና ወርቅ የለበትም። እንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ እንደ አባ ጊዮርጊስ መጽሐፍ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ምናልባት አንዱ የሂሳብ መምህር ይሆናል፤ አንዱም ሦስት ዓመት ደክሞ ይመለሳል። የተመለሰ እንደ ሆነ ግን በዕለተ ሰንበት በዚህ ቅጥር ውስጥ ቦታው እንደ ነበረ ይጠብቀው፤ ለምን ተመለስህ ብሎ በደጀ ሰላሙ የሚያፋጥጠው አይኑር።

ይህ ልጅ በሚመጣው የትምህርት ዘመን እንዲመለስ ፈቃድ አግኝቷል። ተማሪው ሁሉ ከመግባቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሄዶ መኝታ ቤቱን፥ የምግብ አዳራሹን፥ የክፍሎቹን መንገድ በጸጥታ እንዲያይ ተስማምተናል። ከሰንበቴው ማኅበር ሁለት ሰዎች አብረውት ይሄዳሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከእናቱ ጋር ይገባል። ያ የቃሉ ልጅም አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፤ ስልክ ተደውሎለት፥ እኔ በመኪናው መቆሚያ እጠብቀዋለሁ ብሏል። ማታ ማታ በአንድ ሰዓት፥ ከዚያ ሳይቀድም ሳይዘገይ፥ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ወንድም ይደውልለታል፤ ልጁ የተቈረጠ ሰዓት ይወዳልና። ለመንገዱና ለሐኪም ምርመራ የሚሆነውን ገንዘብ ሰንበቴው ከቁጠባው ሊያወጣ ወስኗል፤ የሚጨምር ቢኖር መዝገቡ በሒሳብ ሹሙ እጅ ነው። በቤታቸው እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ በጉባኤ መናገር ቢያፍሩ የፍልሰታ ጾም ከመፈታቱ በፊት ለንስሐ አባታቸው በስውር ይንገሩ፤ በመስከረም የሚሄዱትን ልጆች ስም እስከዚያ ማወቅ አለብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።